መርፌ በመርፌ ወደቀች

የእህቷ ባል በገዛ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ ተደናቀፈባት። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሚወጣው። ሚስቱን ላለመቀስቀስ መብራት አያበራም፤ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በካልሲ ነው የሚራመደው። እሷ ደግሞ የተነጠፈላትን አልጋ ትታ፣ ብርድ ልብሷን ተጠቅልላ፣ ከውጭው በር ሥር ተጋድማለች። በሦስተኛው ቀን ሲወድቅ ያንጠለጠለው ጫማ ተወርውሮ የግድግዳውን መስታወት ሰነጠቀው።

«የኔ እመቤት፣» አላት ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ ጉልበቱን እያሸ፣ «ጠላት ቢመጣ እንኳ እኔ ስወድቅ ሰምቶ ይሸሻል። አንቺ አልጋሽ ላይ ተኚ።»

«ይቅርታ ጋሼ። አልጋው ይለሰልሳል። የምሰምጥ ይመስለኛል።»

«ስመጪ! ሰምጠሽ ከቀረሽ እኔ አወጣሻለሁ።»

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ወደ ጦርነቱ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን ከዚያ ወዲህ የኖረችው በምሽግ ውስጥ፣ ከቁስለኞች ጋር ነው። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ሁለት ወር አሠለጠናትና ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ። የቀረውን እጇ ራሱ ተማረ። ቀጭን ስለነበረችና ቁስል ስለምትሰፋ ጓዶቿ «መርፌ» ብለው አወጡላት፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ጠፍቶ መርፌ ብቻ ሆና ቀረች። እህቷና የእህቷ ባል እንኳ ከተመለሰች በኋላ በዚያው ስም ለመዱ።

ጦርነቱ በስምምነት ሲያልቅ ከሁለቱም ወገን ለተመለሱት መማር የፈለገ ይማር ተባለ። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሳሎኑን ግማሽ ሦስት የስፌት መኪናዎች ይዘውታል። ቅጹን የሞላችውም እሷ ናት፣ በልብስ መለኪያ ሜትሯ ጠርዝ እያሰመረች።

«እኔ እዚህ ከአንቺ ጋር ብሠራስ እታለም?» ብላ ነበር መርፌ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ስትሰፊ ኖረሽ አሁን መጥተሽ ሱሪ ልታሳጥሪ ነው? ነርስነት ብዬ ጽፌልሻለሁ። ፈርሚ።»

ፈረመች። ትእዛዝ ነዋ፣ ትእዛዝ ደግሞ ትወዳለች።

የመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ስልሳ የሚሆኑ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጫጫታቸውን አቆሙ። መምህርት መስላቸው ነው። ከፊት የተቀመጠች ማስቲካ የምታኝክ ልጅ ማስቲካዋን ዋጠችው። መርፌ ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደች። የምትፈልገው አንድ ወንበር ነው፦ ጀርባው ግድግዳ የሆነ፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ። እንዲህ ያለ ወንበር በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። እሱ ላይ ደግሞ መነጽር ያደረገ፣ ደንደን ያለ፣ በእሷ ዕድሜ ያለ ሰው ተቀምጧል።

«ተይዟል፣» አላት ገና ሳትጠይቀው።

አጠገቡ ተቀመጠች። በሩ ተከፈተና አስተማሪያቸው ሲስተር ገቡ። ያን ጊዜ መርፌና ባለ መነጽሩ ሰው እኩል ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። ከእነሱ ሌላ የተነሣ የለም። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ሲስተር በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ነጭ ጋዋናቸው ላይ አንዲት እድፍ የማይገኝባቸው ሴት ናቸው። ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «ተቀመጡ፣» አሉ። «እዚህ ቤት የምንነሣው ለታማሚ ብቻ ነው።»

ተቀመጡ። ሰውየው አንገቱን ሳያዞር በጎን በኩል አንሾካሾከ። «ከየት ነሽ?»

«ከወንዙ ወዲህ።»

«እኔ ከወንዙ ወዲያ።»

ለስንት ዓመት ያንን ወንዝ ይዘው የተታኮሱ ሰዎች ናቸው። ማስቲካ የዋጠችው ልጅ ዞር ብላ፣ «ምን ወንዝ?» አለቻቸው።

«ምንም፣» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ከዚያ በኋላ ያንን ወንበር በተራ ያዙ፤ አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እሷ። ጓደኝነታቸው እንዲህ ነው የጀመረው። ሰውየው ጦርነቱን የጨረሰው ሬዲዮ ጠባቂ ሆኖ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ነበር። ጓዶቹ «ሬዲዮ» ይሉት እንደነበር ነገራት፤ እሷም እንደዚያው ጠራችው። የእሷን የጦር ሜዳ ስም ግን አልነገረችውም። ልጆቹ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚሏት፤ መጀመሪያ አናደዳት፣ ቀስ እያለ ግን ለመደችው። ሬዲዮ ነገር አያረዝምም። «ሻይ?» ይላታል፤ «እሺ» ስትለው «ተቀበልኩ» ይልና ይነሣል። አንድ ጉድ ብቻ ነበረበት፦ ደም አይችልም። ስለ ቁስል አጠባ ፊልም በታየ ቀን መብራቱ ሲበራ ከወንበሩ ሥር ተገኘ።

«አንተ ስንት ዓመት ነው የተዋጋኸው?» አለችው ፊቱን በደብተሯ እያራገበች።

«አሥር። ግን ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ። በጆሮዬ ነው የተዋጋሁት።»

«ታዲያ ነርስነት ምን ወሰደህ?»

«ሌላ ቀን እነግርሻለሁ፣» አለ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ተማሪው ሁሉ በግቢው በር ላይ ፈሶ ሳለ፣ የእህቷ ባል አውቶቡስ ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ ቆመ። መርፌ ምሳዋን ቤት ረስታ ነበር። ሹፌሩ የምሳ ዕቃውን በመስኮት አውጥቶ፣ ተሳፋሪ ሁሉ እስኪዞር ድረስ በሚያስተጋባ ድምፅ ጮኸ፦

«መርፌ! አንቺ መርፌ! ምሳሽን!»

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እትዬነት ቀረና መርፌነት መጣ። ሬዲዮ ግን አልሳቀም። የያዘው የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። «ምን ሆንክ?» ስትለው ስብርባሪውን ለቅሞ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ወንበር ለእሷ ለቆ ከፊት ረድፍ መቀመጥ ጀመረ። ሳምንት ሙሉ «ሻይ?» አላላትም። ምን በደልኩት ብላ አሰበች፣ አጣች። እሱን ለመጠየቅ ደግሞ ኩራቷ አልፈቀደም።

በዚያው ሳምንት የመርፌ አወጋግ የተግባር ፈተና መጣ። ልጆቹ ሲንቀጠቀጡ እሷ እንቅልፏን ለጥጣ አደረች። ለእሷ ይህ ፈተና ለዓሣ የዋና ፈተና ማለት ነበር።

በመለማመጃው ክፍል አልጋ ላይ የላስቲክ አሻንጉሊት ተኝቷል። ሲስተር ሃያ ሁለት ነጥብ ያለበትን ዝርዝር ይዘው ከራስጌ ቆመዋል። መርፌ ገባች፣ መድኃኒቱን ቀዳች፣ አየሩን አስወጣች፣ ወጋች፣ ነቀለች፣ በጥጥ ያዘች። አርባ ሰከንድ አልፈጀባትም። እጇ እንዲህ ሲሠራ ያየ ሰው ሙዚቃ የሚሰማ ነበር የሚመስለው።

«ጨረስኩ፣» አለች።

«ዘጠኝ ከሃያ ሁለት፣» አሉ ሲስተር። «ወድቀሻል።»

ጆሮዋን አላመነችም። «ምን አጠፋሁ?»

«እጅሽን አልታጠብሽም። ሰላም አላልሽም። ማን እንደሆንሽ አልተናገርሽም። የምትወጊውን መድኃኒት ለምን እንደሆነ አላስረዳሽም። ፈቃድ አልጠየቅሽም። ልቀጥል?»

«ሲስተር፣ አሻንጉሊት እኮ ነው! ለላስቲክ ደህና ዋልክ ይባላል?»

«አሻንጉሊት ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ታማሚ ነው ያልኩሽ።»

«እኔ በሕይወቴ ከሁለት ሺህ ሰው በላይ ወግቻለሁ።»

ሲስተር ቀና ብለው አዩአት። ንዴት አልነበረባቸውም። «ስንቱን ጠየቅሽ?»

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንድትደግም ቀጠሮ ተሰጣትና ወጣች። ከሰዓት በኋላ ክፍል ስትገባ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «መርፌ በመርፌ ወደቀች»። የባለ ማስቲካዋ እጅ ጽሑፍ ነው። ልጅቷ ለቀልድ ነበር፤ መርፌ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ እህቷ መኪናዋ ላይ አቀርቅራለች። «ትምህርቱ ይቅርብኝ እታለም። ሰላም በሉ እያሉ ለላስቲክ ያሰግዱኛል። ከአንቺ ጋር ልሥራ።»

እህቷ አልተከራከረችም። ከተከመረው ልብስ አንድ ሱሪ መዝዛ ወረወረችላት። «አሳጥሪ።»

መርፌ ሱሪውን በእጇ ሰፋችው። ስፌቱ ከመኪና የሚያስንቅ ነበር። ምሽት ላይ ባለቤቱ፣ ረጅም የባንክ ዘበኛ፣ መጥቶ ለካው። ቁርጭምጭሚቱ ሁለቱም ሜዳ ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሰውየው። «ወንዝ ልሻገር ነው?»

«ለሥራ እንዲህ ነው የሚመቸው፣» አለች መርፌ። «ለመሮጥ።»

«እኔ መቼ ሮጬ አውቃለሁ? ቆሜ ነው የምውል!»

እህቷ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቃ፣ ሌላ ልትሰፋለት ቃል ገብታ ሸኘችው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረች። «ርዝመቱን ጠየቅሽው?»

መርፌ ሁለቱን እጆቿን አየቻቸው። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ያው ጥያቄ! ሰማይና ምድር የተማከሩባት መሰላት። ቢሆንም እልኸኛ ናት፤ በማግስቱ ስሟን ከመዝገብ ለማስፋቅ ወደ ሬጅስትራር ቢሮ ሄደች።

ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ወርዷል። አሥራ አምስተኛ ሆና ቆመች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ከኋላዋ ቆመ፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።

«ልትወጪ ነው አሉ፣» አለ ሬዲዮ።

«ምን አገባህ? ሳምንት ሙሉ ዘግተኸኝ ዛሬ ከየት መጣህ?»

«የምነግርሽ አለ። ከዚያ ከፈለግሽ ውጪ።» ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። «የእኔ ሥራ የእናንተን መስመር መጥለፍ ነበር። ሌሊትም ቀንም የምትባባሉትን እየሰማሁ ደብተር ላይ መጻፍ። ታዲያ በእናንተ በኩል አንድ ነገር ይደጋገማል። ‹በአስቸኳይ መርፌን ላኩልን።› ‹መርፌ መንገድ ላይ ናት።› ‹መርፌ ካልመጣች አንችልም።› ለአለቃዬ አቀረብኩለት። ‹ምንድን ነው መርፌ?› አለኝ። ‹አላወቅኩም ጌታዬ።› ‹እንግዲያው አዲስ መሣሪያ ነው!› አለ።»

መርፌ አፏን ከፈተች።

«ስብሰባ ተቀመጡብሽ። አንዱ ቀጭን ሮኬት ነው አለ። አንዱ ብረት የሚበሳ ነው አለ። መርፌ ወደ አንድ ቦታ ሄደች የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር የእኛ ሰዎች ከዚያ ቦታ ይርቃሉ። አንድ ቀን ደግሞ ምን ሰማሁ? ‹መርፌ ተኝታለች፣ ስትነቃ እንልካታለን።› አለቃዬ ራሱን ያዘ። ‹የሚተኛ መሣሪያ?› ደግሞ በሌላ ቀን፣ ‹መርፌ ምሳ አልበላችም።›»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ከፊታቸው የቆሙት ተማሪዎች ዞር ዞር አሉ። ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ከተመለሰች ጀምሮ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሬዲዮ ግን ገና አልጨረሰም፤ ሳቋ እስኪወጣላት ጠበቀ።

«ከዚያ ያ የዝናብ ወር መጣ፣» አለ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። «ያ በድልድዩ በኩል ብዙ ሰው ያለቀበት ውጊያ። በማግስቱ በመስመራችሁ ላይ አንዱ ሌላውን፣ ‹መርፌን ላክልኝ› ሲለው፣ ‹ዛሬ ተዋት፤ መርፌ እያለቀሰች ነው› አለው። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩት። ሰው መሆንሽን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።»

ሰልፉ ተራመደ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«ለአለቃህ ነገርከው?»

«ምን ብዬ? ‹ጌታዬ፣ መሣሪያው አለቀሰ› ልበለው? ደብተሩ ላይ እንደ ወትሮው ጻፍኩ፦ መርፌ፣ ያልታወቀ መሣሪያ። እስከ መጨረሻው ቀን እንደዚያው ጻፍኩ። አንቺ ያለሽበትን ይሸሹ ብዬ።» መነጽሩን አደረገ። «ነርስነት ምን ወሰደህ ብለሽኝ ነበር። ‹ቁስለኛ አለ› ሲባል አሥር ዓመት ሰማሁ። ጆሮዬ እንጂ እጄ አልሠራም። ሳምንት የዘጋሁሽ ደግሞ አፍሬ ነው። አንቺ በተጠራሽ ቁጥር የሚቆስለው ሰው በማን እንደሚቆስል ሁለታችንም እናውቃለን።»

በሐሳቧ የወንዙ ማዶ ሰው ሁልጊዜ መልክ የለሽ ነበር። አሁን መነጽር አድርጎ ሰልፍ ላይ ቆሟል። «እኛም እኮ ዝም ብለን አልተቀመጥንም፣» አለች በመጨረሻ። «እናንተም ቁስለኛ ነበራችሁ።»

«ነበረን።»

«እንግዲህ እኩል ነን። ሻይ መጋበዝህን ግን ለምን አቆምክ?»

ሬዲዮ ፈገግ አለ። «ተቀበልኩ።» ከዚያ ወዲያው ነገሩን ወደ ሥራ መለሰው። «ለመሆኑ ለአሻንጉሊቱ ሰላም ማለት ለምን አቃተሽ?»

«ያስቃል። አይሰማ፣ አይመልስ።»

«ሬዲዮም ብረት ነው እኮ። ስትከፍቺው መጀመሪያ ምን ትያለሽ? ማን እንደሆንሽ። ከዚያ ማንን እንደምትፈልጊ። ከዚያ ‹ትሰማኛለህ?› ትያለሽ። ከዚያስ?»

«ትጠብቃለህ።»

«ትጠብቂያለሽ። ማዶ ያለው ‹እሰማለሁ› ሳይል መልእክት የሚልክ ሞኝ ነው። ወደ ባዶ አየር ነው የሚጮኸው። የሲስተርም ነገር ያው ነው። ከመውጋትሽ በፊት መስመሩን ክፈቺ ነው የሚሉሽ።»

እሷ ይህን ስታሰላስል ተራዋ ደረሰ። ጸሐፊዋ መስኮቱን ልትዘጋ እጀታውን ይዛለች። «የምሳ ሰዓት ሆኗል፤ ጉዳይሽ አጭር ነው?»

መርፌ ወደ ሬዲዮ አየች፣ ወደ መስኮቱ አየች። «ተሳስቼ ነው የተሰለፍኩት፣» አለች።

በሁለተኛው ፈተና ቀን እጇን እስከ ክንዷ ታጥባ አልጋው ጎን ቆመች። «ጤና ይስጥልኝ። እኔ የነርስ ተማሪ ነኝ። ለሕመምዎ ማስታገሻ መርፌ ልወጋዎት ነው የመጣሁት። ይፈቅዱልኛል?» አለችና ጠበቀች። ላስቲኩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች። ሲስተር ከዝርዝሩ ላይ ቀና አሉ።

«እ?»

«እስኪመልሱ እየጠበቅኩ ነው ሲስተር።»

የሲስተር ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ሳቅ ያዛቸው። «ፈቅዷል፣» አሉ በአሻንጉሊቱ ፈንታ። ሃያ አንድ ከሃያ ሁለት አገኘች። የቀረችው አንዷ ነጥብ ስትጨርስ አመሰግናለሁ ባለማለቷ ነበር። ባለ ማስቲካዋ ልጅ በዚያ በሰሌዳ ጽሑፏ እንዳትቀየማት ፈርታ ኖሮ፣ ኮሪደሩ ላይ ተጠምጥማ ሳመቻት። መርፌ ደንግጣ ልትጥላት ምንም አልቀራትም።

አሻንጉሊት መልስ አይሰጥም፤ ሰው ግን ይሰጣል። ይህንን ያወቀችው ሆስፒታል የተመደበች ዕለት ነው። የደረሷት ታማሚ ዳሌያቸው የተሰበረ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ደማቸው እንዳይረጋ በየቀኑ ሆዳቸው ላይ መወጋት አለባቸው።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ። እኔ የነርስ ተማሪ ነኝ፣ ይፈቅዱልኛል?» አለች ሁሉንም በሥርዓቱ ካስረዳች በኋላ።

«አልፈቅድም።»

መርፌ የያዘችው ሳህን በእጇ ላይ ቀረ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ቃል ምን ተደርጎ እንደሚመለስ የነገራት የለም።

«አርባ ዓመት ተማሪ አስተምሬአለሁ፣» አሉ ዳይሬክተሯ። «ተማሪ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ተማሪ አይወጋኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። መርፌውን የክፍሉ ነርስ መጥታ ወጋች። ዳይሬክተሯ ግን መርፌን አልለቀቋትም፤ የጻፈችውን የታማሚ መዝገብ ተቀብለው፣ ከትራሳቸው ሥር ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ማረም ጀመሩ። «ይሄ ዓረፍተ ነገር የት ነው የሚያበቃው? አራት ነጥብ አስወድዶብሻል?» በማግስቱም «አልፈቅድም» ሆነ፤ በማግስቱም እርማት ሆነ። መርፌ ስትሄድ ትናደዳለች፣ ስትመጣ ግን መዝገቡን ባማረ ጽሑፍ ጽፋ ትመጣለች።

በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «ክንድሽ የወንድ ነው የሚመስለው። ያዝ አድርገሽ ብትወጊኝ ምን አደርግሽ ነበር?»

«እምቢ አሉኝ እኮ።»

«ጦር ሜዳ ነበርሽ አሉ። እዚያ እምቢ ያለሽ ሰው ነበር?»

መርፌ ትንሽ አሰበች። «አንድ ነበር። እግሩ ተመትቶ። አትንኪኝ አለኝ። አራት ሰው ጠርቼ አስይዤ ሰፋሁት። ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን አይቶኝ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል፤ ሰላምታ እንኳ የለም። ምስጋና ቢስ እለው ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ቢሆን እሰፋው ነበር፤ ይሞትብኛላ። ግን...» የአልጋውን ልብስ ጫፍ አስተካከለች። «ከዚያ በኋላ ሄጄ ላናግረው እችል ነበር። ለምን እንዳደረግኩት። ሳልነግረው ቀረሁ። ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ አስቤውም አላውቅ።»

ዳይሬክተሯ የሆስፒታሉን ሸሚዝ ገለጥ አደረጉ። «ነይ፣ ውጊኝ። ካመመኝ ግን ዜሮ ነው የምሰጥሽ።»

ወጋቻቸው። አመሰግናለሁ ማለትንም አልረሳችም።

«ዘጠኝ ከአሥር፣» አሉ አሮጊቷ። «እጅሽ ይቀዘቅዛል። ለነገ አሙቀሽው ነይ።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው እንዳይወጋቸው ከለከሉ፤ የክፍሉ ነርስ ስትመጣ «ተማሪዬ የት ሄደች?» ይላሉ። ሬዲዮም በሁለተኛው ፎቅ ተመድቦ ከደም ጋር ትግሉን ይዟል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ቁስል ሊታሰር ሲል መጀመሪያ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ለታማሚው ከታች ሆኖ ያወራለታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እየተነሣ ይሠራል። ታማሚዎቹ ወደዱት። አንዱ ሽማግሌ «ያ ከመሬት የሚበቅለው ነርስ ይምጣልኝ» እያለ ነው አሉ የሚጠራው። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ብቻ ወደቀ፤ ከፊተኛው ወር በስድስት ያነሰ ነው ብሎ ራሱ ነገራት።

ዳይሬክተሯ ከሆስፒታል የወጡት ፀሐይ በወጣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። መርፌ በተሽከርካሪ ወንበር እስከ በሩ ገፋቻቸው። ሊወስዳቸው የሚመጣው ወንድማቸው ዘግይቶ ስለነበር ከአጥሩ ሥር ሆነው ወሬ ያዙ። አሮጊቷ በዘመናቸው ከወላጅ ቁጣ ስለሸሸጓቸው ሰነፍ ተማሪዎች፣ ከፈተና ክፍል በመስኮት ዘሎ ስለጠፋና ኋላ ዳኛ ስለሆነ ልጅ፣ ሳያገቡ ስለቀሩበት ምክንያትም አወሯት፤ የመጨረሻውን ለማንም እንዳትናገር አስምለው። ወንድማቸው መጥቶ መኪናው ውስጥ ሲያስገባቸው መርፌ የእጅ ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ከሃያ። የሲስተር ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ሲስተር ደግሞ በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ።

በሕይወቷ ዘግይታ አታውቅም። ሮጣ ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ከክፍሉ ውጪ ባለው አጭር ግንብ ላይ ባለ ማስቲካዋ ልጅና ሁለት ጓደኞቿ እግራቸውን እያወዛወዙ ተቀምጠዋል።

«አንቺም?» አለች ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ። «ዓለም ሊያልቅ ነው በቃ!»

«አሁን ምን ይደረጋል?» አለች መርፌ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ምንም። ይቀመጣላ። እረፍት ላይ ሲከፍቱ ምክንያት ይነገራል።» ቦታ ለቀቀችላት።

ተቀመጠች። ግንቡ ሞቋል። ከግቢው ማዶ አትክልተኛው ሣር ያጭዳል፤ የታጨደው ሣር ሽታ እስከ እነሱ ይመጣል። ማንም አይጠራትም፣ የምትሮጥበት ቦታም የለም። ልጆቹ ለሲስተር ስለሚነገረው ምክንያት ክርክር ገጥመዋል። አንዷ አውቶቡስ ተበላሸ እንበል ትላለች፤ ሌላዋ ባለፈው ሳምንት አበላሽተነዋል ትላለች። ሦስተኛዋ አያቷን ልታሳምም አሰበችና ባለፈው ወር ታመው እንደነበር ትዝ ሲላት ተወችው።

«መርፌ፣ አንቺ ምን ልትይ ነው?» ብላ ዞረችባት ባለ ማስቲካዋ።

«እውነቱን።»

«ምንድን ነው እውነቱ?»

መርፌ ፊቷን ወደ ፀሐይ መልሳ እግሯን እንደ እነሱ አወዛወዘች።

«ወሬ ይዞኝ ነው።»